ማሰሮውን አትክፈቺው

ኡሉንግ ደሴት
እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1973

ልጄ ዎልሶን፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር፤ ማሰሮውን አትክፈቺው። ከፍተሽውም ከሆነ አትቅመሺው፤ ለጓደኞችሽም አታቅምሺ። ሌላውን ሁሉ ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ። እኔም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እጄ ብዕር እንዳልለመደ ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው መርከብ ደረሰኝ። የፒልናም እናት እንደ ልማዷ እጇን ከዓሣው ሳትታጠብ በአጥር ዘልላ መጣች። «የዎልሶን እናት! ጀርመን ዛሬ ምን አበላቻት?» አለች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በዕረፍት ቀንሽ በባቡር ወንዙን ተከትለሽ መሄድሽን፣ ተራራ ላይ ያሉትን የድሮ ግንቦች፣ በመጋዝ ካልሆነ አይቆረጥም ያልሽውን ዳቦ ሁሉ አነበብኩ። የኮመጠጠውን ጥቅል ጎመን የእኛ ኪምቺ መስሎሽ በትልቁ ጎርሰሽ ማልቀስሽ ጋ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ለጎመን ነው ያለቀሰችው ወይስ ለአንቺ?» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ጫካው ጋ ደረስኩ። «እማዬ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ጫካ ሙሉ ምዮንጊ ነው፤ ያው ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው የተራራችን ቅጠል። ገደል የለም፣ ገመድ የለም፣ ጎንበስ ብሎ መልቀም ብቻ ነው። እዚህ ለዚህ ቅጠል ብሎ የሚሞት ሰው የለም» ብለሻል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ወንድምሽ ቹንሶክ ቅጠሉን ሊለቅም ገመድ ታጥቆ ገደሉን ከወረደ ይህ ሁለተኛው ጸደይ ነው። ገመዱን አመጡልኝ፤ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። 

ይህን የጻፍሽው ልታጽናኚኝ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ቀጥለሽ እንዲህ ትያለሽ፦ «እዚህ አብዛኛው ቅጠል አንድ አንድ ሆኖ ነው ከመሬት የሚወጣው። ከትልቁ ዛፍ ሥር ግን እንደኛው በአንድ አገዳ ላይ ሁለት ቅጠል ያወጣ አገኘሁ። አገሬን ያየሁ መስሎኝ አለቀስኩ። እሱን ከሁሉ በላይ አድርጌ ማሰሮው ውስጥ ደረደርኩት፤ ከላይ አንቺ የላክሽልኝን የአኩሪ አተር መረቅ አፈሰስኩበት። በዳኖ በዓል አብረውኝ ካሉት የአገራችን ልጆች ጋር እንከፍተዋለን፤ መጀመሪያ ለቹንሶክ እናቀርባለን፣ ከዚያ እኛ እንበላለን። እንድታዪው ከሁለቱም ዓይነት ልኬልሻለሁ።»

ፖስታውን ገልብጬ ያደረቅሻቸውን ቅጠሎች መዳፌ ላይ አወጣሁ።

ልጄ፣ አንቺ የደሴት ልጅ ነሽ። በእኛ ተዳፋት ላይ ከበረዶው ሥር ሁለት ቅጠል ይዞ ብቅ ያለ ነገር ካየሽ ምግብ ነው፤ ሌላ እሱን የሚመስል እኔም እዚህ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ተጠራጠሪ ያለሽ ሰው የለም። እኔ ግን ተድሬ እዚህ እስክመጣ ድረስ ያደግኩት ከባሕሩ ማዶ ጆንግሶን ተራራ ነው። እዚያ አበባው እንደ ትንንሽ ነጭ ደወል የሚንጠለጠል ሣር አለ። ሲሸት ማር ነው። በአንድ አገዳ ሁለት ቅጠል። አበባው ሳይወጣ ከምዮንጊ ጎን ብታስቀምጪው ዓይን አይለየውም። እናቴ እያንዳንዱን ቅጠል በጣታችን ጨፍልቀን እንድናሸት ታስገድደን ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ካልሸተተ መጣል ነው። ደግሞ በየመሃሉ ወንዝ አውርዳ እጃችንን ታሳጥበናለች። ብዙ የለቀመ እጅ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ስለሚሸት የነካው ሁሉ ምዮንጊ ይመስለዋል። አንቺ ታጥበሽ ነበር? ከእኛ ቤት በታች የነበሩት ሰዎች አልታጠቡም። በእነሱ የደረሰውን አልጽፈውም፤ ልብ ቀስ እያለ መምታቱን ይተዋል፣ ያንን ብቻ ልንገርሽ።

የላክሻቸውን ቅጠሎች አሸተትኳቸው። ወረቀት ወረቀት ይላሉ። የፒልናም እናትም ተቀብላ አሸተተች።

«አውሮፕላን ነው የሚሸተው» አለች።

«አውሮፕላን የት አሽትተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይኸው አሁን!»

ከዚያ ፊቴን አይታ ቀልዱን ተወችው። «ተይ እንጂ የዎልሶን እናት። ልጅቷ ነርስ ናት፤ መድኃኒቱን ከመርዙ የምትለየው እሷ ናት ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

አንቺም እንዲሁ እንደምትዪ አውቃለሁ። በአውሮፕላን አትሂጂ አልኩሽ፣ ሄድሽ፤ ምንም አልሆንሽም። በባቡር ብቻሽን አትሳፈሪ፣ የሚሸተውን አይብ አትብዪ አልኩሽ፤ ተሳፈርሽ፣ በላሽ። በመከር ወራት «እማዬ፣ ከቹንሶክ በኋላ አንቺ ሁሉንም ነው የምትፈሪው» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ሁሉን የሚፈራ ሰው ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛ ነገር ቢፈራ ማን ያምነዋል? ፈራሁ ብዬ ብጽፍልሽ ስቀሽ ማሰሮውን ትከፍቺዋለሽ። ስለዚህ አወቅኩ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

ቅጠሎቹን በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌአቸዋለሁ። እስኪለሰልሱ ልጠብቅ።

ግንቦት 21

ትናንት አልጻፍኩም። ነፋስ መትቶኝ ተኝቼ ነበር። አሁን ደህና ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ጠረጴዛው ነው።

ነጠላው ቅጠል የምዮንጊ ዘመድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ምላስ ላይ ይቀራል። ባለሁለቱ አይደለም። አይደለም ልጄ። በምን አወቅሽ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አውቄአለሁ፣ ይኸው ነው። አብረው ስለተዘፈዘፉ ከሥር ያለውም አይበላም። ጠርሙስም ሆነ ማሰሮ ያለበትን ዕቃ እንዳለ ቅበሪው፤ አጥበሽ ልጠቀምበት እንዳትዪ።

የፒልናም እናት ባልዲውን አጥባ መለሰችልኝ፤ ስድቧ ግን እስካሁን አላለቀም። «ከፖስታ የወጣ ሣር የሚበላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ! ፍየል እንኳ አሽትታ ትተዋለች!» ትላለች። የምትለውን ሁሉ አትስሚ። ሩዝ በውሃ አቅጥና አጠጥታኛለች። ዛሬ ተደግፌአት ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር።

የፖስታ ቤቱ አቶ ኦ፣ የሰሞኑ ማዕበል የቴሌግራሙን መሣሪያ እንዳበላሸው ነገረኝ። መለዋወጫው የሚመጣው በመርከብ ነው፤ መርከቡ የሚመጣው ባሕሩ ሲተኛ ነው። ባሕሩ ደግሞ ይኸው እየጻፍኩልሽ ከወደቡ ግንብ በላይ እየዘለለ ነው። «እናቴ፣ አይዞዎት፤ የመርከቡን ምክትል ካፒቴን አውቀዋለሁ፣ ፖሃንግ ወደብ እንደወረደ ቴሌግራሙን ይልክልዎታል» አለኝና «ማሰሮውን አትክፈቺው፣ ቅበሪው» የሚለውን ቃሌን በውጭ ፊደል ጻፈልኝ። ከደረሰሽ እናቴ አበደች ትያለሽ። ምክንያቱን ይህ ደብዳቤ ይነግርሻል።

ቴሌግራሙ ሲደርስ አንቺ በባቡር ወጥተሽ ቢሆንስ እላለሁ። ልጆቹ ዳኖን ሳይጠብቁ እንቅመስ ቢሉስ? ማዕበሉ እስከ በዓሉ ባይተኛስ? ሩዙን ጎርሼ ሳላኝክ እንዲህ እያልኩ ተቀምጬ እገኛለሁ። ደረቅ የባሕር ሣር በጥቅል አብሬ ልኬአለሁ፤ ለበዓሉ ሾርባ ሥሩበት። ለቹንሶክ ድንች ቀቅለሽ አቅርቢለት፤ ድንች እዚያ ሞልቷል ብለሽኛል። ምዮንጊን ይለቅመው ነበር እንጂ አይወደውም ነበር፤ አስታውሺ፣ ለአንቺ ነበር የሚያሳልፈው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ወንድምሽ ከተቀበረ በኋላ የመንደሩ ሴቶች እኔን መጥራት ቸገራቸው። ዕድሜዬን ሙሉ መጠሪያዬ የቹንሶክ እናት ነበር። ውሃ ስቀዳ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጉታል። ለብዙ ጊዜ ማንም በምንም አልጠራኝም። አንድ ጠዋት የፒልናም እናት ከመንገድ ላይ ሆና «የዎልሶን እናት!» ብላ ጮኸች። ማንን ነው ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ዞር አልኩ።

ዳቦው ይለስልስልሽ። ባቡሩ በሰላም ያድርስሽ። ተራራውን የሚጠብቀው ጌታ እዚያም ካለ ዓይኑን ከአንቺ ላይ አያንሣ። ሌላ ዜና አትጻፊልኝ፤ «ቀበርኩት» ብለሽ ብቻ ላኪልኝ።

የዎልሶን እናት