ለትርንጎ ስል ተናዘዝኩ

ለአለሜ፣ ለቤቴ አባወራ፦

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጠይቅህ አልኩና ሳቄ መጣ፤ የሰነበትኩትስ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የማራኪን ዳገት ሲያይ ይለግማል። ተማሪዎቹ አሁንም የኋላዎቹን ክፍሎች ተከራይተው አሉ፤ ፈተና ካልደረሰ መጽሐፍ አይገልጡም። የተከልከው ጌሾ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ሄዷል፤ ጎረቤታችንም ምንም ሳያፍሩ ይቀነጥሱታል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን በሕይወት ሳለህ አፌን ታስይዘኝ ስለነበረው ነገር ነው። "አለሜ፣ ኑዛዜ እንጻፍ" ባልኩህ ቁጥር "ምነው፣ ምን አየሽብኝ? አታሟርቺ!" ትለኝ ነበር። እኔም ላለማስቀየምህ ነገሩን ትቼ እራት አቀርብ ነበር። ደግሞስ ምን ቸገረን? ቤት አለን፣ ልጅ አለችን፣ ይህን አገር ያውቃል ብለን ነበር።

ትርንጎን የጡት ልጅ ያደረግንበትን ቀን ሳስበው ዛሬም እስቃለሁ። ጎረቤታችን የነበረችው እናቷ አርፋ አያቷ ልጅቱን ሲሰጡን፣ እንደ አባቶቻችን ወግ በሽማግሎች ፊት አውራ ጣትህን ማር ቀብተህ አጠባሃት። ጥርስ ማውጣቷን የነገረህ አልነበረም፤ አጥብቃ ነከሰችህና እሪ አልክ። ሽማግሎቹ ምርቃቱን በሳቅ ጨረሱት። "ልጄ መሆኗን ፈረመችበት" እያልክ ጣትህን ለሰው ሁሉ ስታሳይ ከረምክ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

የነቃሁት አንተ ካረፍክ በኋላ የትርንጎን ወራሽነት ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ስሄድ ነው። ጉዳዩን የተቀበለችኝ ልጅ ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ውል ጠየቀችኝ። የጡት ልጃችን ናት፣ ማር አጥብተናታል አልኳት። "እናቴ፣ ወጉንስ አውቀዋለሁ፤ የኔም እናት የጡት ልጅ ናት። ውሉ ከሌለ ግን አይሆንም" ብላ አንገቷን ደፋች። ያንተ ድርሻ በሕግ የወንድምህ የአያ ዋለ ሆነ። ያን ቀን ተናደድኩብህ፤ መቃብርህ ድረስ ሄጄ ልጮህብህ ምንም አልቀረኝም።

ወንድምህ ግን ሸጋ ሰው ነው። ከጠዳ መጥቶ በዳኛ ፊት ድርሻውን ለቀቀልኝ። ስንወጣ ታዲያ እንዲህ አለኝ፦ "እኔስ ዛሬ ለቀቅሁ። አንቺ ያለፍሽ ለት ወራሾችሽ የወንድምሽ ልጆች ይለቃሉ ብለሽ ነው?"

ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። የወንድሜን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ ክፉ አይደሉም። ብናዘዝ እንዳላመንኳቸው ይቆጥሩት ይሆን? ባልናዘዝስ? ትርንጎ ያደገችበትን ቤት እንደ ተከራይ ልትለቅ ነው። ያንተም ፍርሃት ሳይጋባብኝ አልቀረም፤ የተናዘዘ ይሞታል እያልኩ ነገሩን አቆየሁት። በመጨረሻ ሳይቃጠል በቅጠል አልኩና የወንድሜን ልጆች ጠርቼ በግልጽ ነገርኳቸው። ትልቁ ትንሽ አኮረፈ። ታናሿ ግን "እቴቴ፣ ቤቱማ የትርንጎ ነው፤ ድሮስ የማን ነበር?" አለችኝ፤ ስሜያት ተነሳሁ። ከዚያም ኑዛዜዬ በምስክሮች ፊት ተነብቦ ፈረምኩ። አያ ዋለም ከምስክሮቹ አንዱ ነበር፤ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር።

አልሞትኩም፣ አለሜ። ይኸው ደብዳቤ እየጻፍኩልህ ነው።

ትርንጎ ግን ስትሰማ አለቀሰች። "ታመሽ ደብቀሽኝ ነው" ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነጠላዬን አቀበለችኝ። ስትቆጣ ቅንድቧን የምታነሳው ልክ እንዳንተ ነው። ደህና መሆኔን ለማሳመን ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚያም "እሺ፣ ግን ቶሎ እንዳትሞቺ" አለችኝ። ይህን ቃል መጠበቅ በኔ እጅ ባይሆንም ገባሁላት። ናፍቀኸኛል አለሜ፤ ይህን ሁሉ ካንተ ጋር ብንስቅበት ምን ነበረበት።

ላንተ የምገባው ቃል ግን በእጄ ያለ ነው። እኔ እስካለሁ ስምህ በዚህ ቤት ይነሳል። ከእኔ በኋላም "አባዬ" እያለች የምታነሳህን ልጅ ከዚህ ደጅ የሚያስወጣት የለም።

ያንተዋ ዘነቡ