የታይቱ የማሽላ ጉድጓድ

ኮኪት፣ ሚያዝያ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ልጄ ካሰች፤

ብዕሩን የያዘው የአብዱልሀኪም እጅ ነው። ያ ከመተማ ጨውና አቡጀዴ እያመጣ እዚህ የሚሸጠው፣ ልጅ ሳለሽ ተምር የሚሰጥሽ። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዶ ፊደል የቆጠረ እስላም ነው። መጻፍማ የነፍስ አባቴም ይችላሉ፤ እኔ ግን ከዘመድም ከጎረቤትም የማይነካካ፣ ከመሬቴና ከከብቴ ድርሻ የማይጠይቅ እጅ ፈለግሁ። ቃሉ የኔ ነው፤ እንዲያሳምረው አልፈቀድሁለትም። ቅድም "የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ ልበል?" ቢለኝ፣ "እኔ እንዲህ ስል ሰምተኸኝ ታውቃለህ?" አልሁት። እንደምን ነሽ? ልጁስ? ባልሽስ? እኔ እግሬም ጥርሴም ደኅና ነው። የታመመው ሌላ ነው።

ወሬው ገዳሪፍ ድረስ ሳይደርስሽ አይቀርም። "አባትሽ ፈረደ የታይቱን ጉድጓድ ከፍቶ ማሽላ ሲሰርቅ ተያዘ" ይሉሻል። ተይዣለሁ። በሽማግሌ ፊትም "አውቄ ነው" ብያለሁ። በሬዬንም ከፍያለሁ። ግን አልሰረቅሁም። ከሥሩ ልንገርሽ። ዛሬ ልቤ ጥርት ብሎልኛል፤ የነገውን አላውቅም።

ነገሩ የጀመረኝ ባለፈው መስከረም ነው። ከብት ውሃ አጠጣለሁ ብዬ ወርጄ ከብቶቹን እዚያው ትቼ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስሁ። ሌላ ቀን ደግሞ አዛናውን፣ የወንድሜን ልጅ፣ "ጸዳለ እስከ አሁን ምሳ ሳታመጣ ምን ሆነች?" ብዬ ጠየቅሁት። እናትሽን በገዛ እጅሽ ገንዘሽ የቀበርሻት አንቺ ነሽ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከአብዱልሀኪም ዘንድ ጨው ገዝቼ ሄድሁ፤ ከቤት ሳልደርስ ተመልሼ "ጨው ስጠኝ" አልሁት። ሳቀ። በሌላም ገበያ እንዲሁ አደረግሁ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም። "አያ ፈረደ፣ ገላባት ሐኪም አለ፤ እንሂድ" አለኝ። ሐኪም የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ ሄድሁ።

ሐኪሙ ነጭ ልብስ የለበሰ ሱዳናዊ ነው። እሱ ይጠይቀኛል፣ አብዱልሀኪም ያስተረጉማል። "ወሩ ማን ነው?" አለኝ። "ኅዳር" አልሁ። ጥር ነበር። "አገርህን የሚገዛው ማን ነው?" አለኝ። ይህንንስ ዛሬ እኛ አገር ልቡ ደኅና የሆነውም አይመልሰው፤ እንደዚያ ብዬ ብነግረው ሳቀና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ኋላ ግን ወደ አብዱልሀኪም ዞሮ በዓረብኛ ብዙ ነገር ተናገረ። አብዱልሀኪም መሬት መሬት ያያል።

"ተርጉም እንጂ!"

"ሲሸመግሉ የሚመጣ ነው፣ ይላል።"

"እሱ ይህን ሁሉ አውርቶ ያንተ ይችው ናት? ለአንድ ጭብጥ ጨው ስትከራከር እንኳ ከዚህ የበለጠ ታወራለህ።"

ያን ጊዜ ነገረኝ። እንደ ወባ ኪኒን ሲውጡለት የሚለቅ አይደለም። እየባሰ ይሄዳል። መጀመሪያ የቅርቡን ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ ልጄ ፊቴ ቆማ "ይህች ሴት የማን ናት?" እላለሁ። ሐኪሙ ሲያበቃ "ከብትና መሬት ካለው፣ ቃሉ ቃል ሆኖ ሳለ ይናገር" ብሏል።

እንደተመለስሁ ተናገርሁ። የሽማግሎቹን አለቃ አያ አለነን፣ ሌሎቹን ሽማግሎችና የነፍስ አባቴን ጠርቼ በዚያው በጥር ወር ተናዘዝሁ። ትልቁ የዲዛ ዛፍ ሥር ያለው፣ እሾሁን በገዛ እጄ መንጥሬ ያቀናሁት ማሳና ላሞቼ ለካሰች። የወንዝ ዳሩ ማሳና ወይፈኖቹ ለአዛናው። ልቤ የጠፋ ቀን የት እንደማድር፣ ማን እንደሚያበላኝ ካሰች ትቁረጥ። እስክትመጣ አንድ ከብት አይሸጥ። ጸበል ቢወስዱኝም ማንም በሰንሰለት እንዳያስረኝ። አያ አለነ ሳቁ። "አንተ ፈረደ፣ ሳትሞት ተዝካርህን ልትበላ ነው?" አሉኝ። ስለ ሐኪሙ አልነገርኋቸውም። እንዲያዝኑልኝ አልፈለግሁማ።

አዛናው ጉልበቴን ሳመ፤ ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር። ክፉ ልጅ ነው አልልም፤ ሲያርስልኝ ኖሯል፣ ሲያመኝም ውሃ አቀብሎኛል። ነገር ግን ጣሊያን መተማ ከገባ ወዲህ ለጦር ሰፈሩ የሥጋ ከብት እየነዳ ይሸጣል፤ ያንን የጣሊያን ጫማ አድርጎ ላሞቼን የሚያይበትን ዓይን አልወደድሁለትም። የአገራችንን ሕግ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ልቡ የሄደ ሰው ቃል፣ ቃል አይደለም። ኑዛዜው ይፈርስና እሱም ከብቱም ለቅርብ ወንድ ዘመዱ ይሰጣል። ያ ዘመድ አዛናው ነው።

ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። ጣሊያን ለበቅሎው ማሽላ መልቀም ከጀመረ ወዲህ እዚህ ጎተራ ያቆመ ሰው የለም። ሁሉም ከሜዳ ላይ ቆፍሮ፣ ጭድ አልብሶ፣ አፈር መልሶ፣ ላዩን እንደ ማንኛውም መሬት ያስተካክላል። ምልክቱ ባለቤቱ ልብ ውስጥ ነው፤ ሌላ ምልክት የለውም። እንግዲህ የኔን ጉድ አስቢው። መጋቢት ላይ እህሌ አለቀ፤ ጉድጓዴን ልክፈት ብዬ ዶማና ቅርጫት ይዤ በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። ምልክቴን አገኘሁ፤ ያገኘሁ መሰለኝ። ቆፈርሁ፣ ጭዱን አነሳሁ፣ የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና ዳር ተቀምጬ አስተነፈስሁት። ከዚያ ገባሁ።

ታይቱ መጣች፤ ያቺ ከሸለቆው ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት።

"አያ ፈረደ፣ ከኔ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራሉ?"

"ጸዳለ፣ ወሬውን ተዪና ቅርጫቱን አቀብይኝ" አልኋት።

እሷም አቀበለችኝ። ይህን ልብ በይልኝ ካሰች፤ ገብቷታል፤ አልጮኸችም። "ቀስ ብለው ይሙሉ" ብላ እጄን ይዛ ልታወጣኝ ስትል ወንድሟ ውባንተ ከኋላዋ ደረሰ። እሱ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ እንዲያውም ያለ ነገር ይጮሃል። "ሌባ! የሟች ቤት ሌባ!" እያለ አገሩን ሰበሰበው። መተማ ወስጄ ለጣሊያኑ ሹም ሰጥቼ አስገርፈዋለሁ አለ። "አንተ ደንቆሮ፣ ጣሊያኑ አንድ ጉድጓድ ካየ የማንኛችን ይቀርልናል?" ብለው አያ አለነ ዝም አሰኙት። ለማግስቱ ከዛፍ ሥር ተቀጠርን።

በማግስቱ ልቤ ተመልሶ ነበር። ያደረግሁትን ሁሉ አውቄ፣ አፍሬ፣ "ስቻለሁ" ልል ተዘጋጅቼ ሄድሁ። ከኔ በፊት ግን አዛናው ተነሣ።

"አባቶቼ፣ አጎቴን ማሩልኝ። ሌባ አይደለም፤ ልቡ ሄዷል። ከመስከረም ጀምሮ ነው። እኔ እያወቅሁ ደበቅሁለት።"

እያለቀሰ ነው። ዕንባው የውነት ይሁን የሐሰት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም ነበር። እኔ ግን "ከመስከረም" የምትለዋን ቃል ሰማሁ። የተናዘዝሁት በጥር ነው። በመስከረም ልቡ የሄደ ሰው በጥር ምን ቃል አለው? በዚያች ቃል ማሳሽ ሄደ፣ ላሞቹ መተማ ሰፈር ገቡ፣ እኔም የትም ታሰርሁ።

አያ አለነ "ፈረደ፣ አንተው ንገረን" አሉ። "ስተህ ነው ወይስ አውቀህ?"

"ስቼ" ብል ሁሉም አዝኖልኝ፣ ደግፎ ቤቴ ያደርሰኛል። ከሰው አጥር አንድ እንጨት ነቅዬ የማላውቅ ሰው ነኝ ካሰች። ለእንግዳ ጎተራዬን ከፍቼ "የፈለግኸውን ያህል ዝገን" የምል ሰው ነኝ። ያንቺን ፊት ላስበው ብል እንኳ አልመጣልህ አለኝ፤ እሱ ነው ያስቆረጠኝ። ፊትሽ ሳይመጣልኝ የቀረ ዕለት ስምሽን ካላጸናሁ መቼ ላጸናው ነው?

"አውቄ ነው" አልሁ።

ታይቱ ብድግ አለች። "ኧረ ውሸቱን ነው! እኔን እኮ..."

አፈጠጥሁባት። እንደዚያ አድርጌ ሴት ላይ አፍጥጬ አላውቅም። አየችኝ፣ አዛናውን አየችው፣ እንደገና እኔን አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። "ማሽላዬን ነው የወሰደው፤ ይፈረድልኝ" አለች።

አያ አለነ ወደ ልጁ ዞሩ። "አውቆ የሰረቀ ሰው ልብ አለው። አዛናው፣ ተቀመጥ" አሉ። በሬዬ ዳማ ለታይቱ ተፈረደ። በመድኃኔዓለም ማኅበር እስከ ዓመቱ ጽዋ እንዳይሰጠኝ ተባለ። ባለፈው ማኅበር ከደጅ ተቀመጥሁ፤ ጽዋው በፊቴ አልፎ ለውባንተ ሲሰጥ አየሁ። ለውባንተ! ዋጥሁት። ኑዛዜዬ ግን ቆሟል።

ታይቱ በሳምንቱ ዱቄት ይዛ መጣች። በሬውን ልመልስ አለች።

"ከመለስሽው ነገሩ ይፈርሳል። እረሺበት።"

"እርስዎ ሌብነት እንኳ አይችሉበትም፤ ጉድጓድ ከፍቶ፣ ቁጭ ብሎ አየሩ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሌባ የት አገር አለ?"

"ሌባ ቢሆንስ ታፍኖ ይሙት?" አልኋት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ከሄደች ወዲህ በየማለዳው አጥሬ ላይ ቆማ "አያ ፈረደ፣ አሉ?" ትላለች። መኖሬን ሳይሆን ሌላውን እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። "አለሁ" እላታለሁ።

ይህን ሁሉ በአብዱልሀኪም አፍ ልልክልሽ እችል ነበር። እሱም "አያ ፈረደ፣ ይህ ወረቀት አዛናው እጅ ቢገባ የካዱትን ሁሉ ያወጣብዎታል" ብሎኛል። እውነቱን ነው። ያስጻፈኝ ግን ሌላ ፍርሃት ነው። በቀደም ማለዳ ስነቃ "አንተ ሽማግሌ፣ የሙት ሚስት ማሽላ የሰረቅኸው ምን ጎድሎህ ነው?" እያልሁ ራሴን ስሰድብ አገኘሁት። አምኜዋለሁ፤ እስከ ረፋድ ድረስ ሌባ ሆኜ ቆየሁ። አብዱልሀኪም ለጨው ብር ሲመጣ ተንበርክኬ ይቅር በለኝ አልሁት አሉ። እሱ ነው ቁጭ አድርጎ የሆነውን የነገረኝ። ሞት አልፈራሁም፤ ጣሊያንም አልፈራሁም። ሌባ ነኝ ብዬ አምኜ መሞትን ፈራሁ። የዋሸሁበትን ምክንያት ስረሳው ውሸቱ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ነይ። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው መንገድ ሳይዘጋ፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር ነይ። ባልሽ አይምጣ፤ ጣሊያን አሁንም ይፈልገዋል። እንደመጣሽ አያ አለነ ፊት አብረን እንቁም፤ ኑዛዜዬን ጆሮሽ እየሰማ ልድገመው። የኔ ጉድጓድም የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስንቆፍር ጭዱን የምታቀብይኝ አንቺ ነበርሽ። ዝናቡ ሳይገባበት ክፈቺው። ይህን ወረቀት አንዴ አስነብበሽ ስሚውና እዚያው አብዱልሀኪም ፊት አቃጥዪው።

ስትደርሺ ላላውቅሽ እችላለሁ። ስምሽን ንገሪኝና አጠገቤ ተቀመጪ፤ ሰው ፊት አታልቅሺብኝ። "ሌባ ነኝ" ካልሁሽ አትመኚኝ። ተቆጪኝ፤ "አባቴ፣ አልሰረቅህም፣ ለኔ ብለህ ነው" በይኝ። ብረሳው ደግመሽ ንገሪኝ።

በልቤ ሳለሁ ቃሉን የሰጠሁ አባትሽ

ፈረደ

በል አብዱልሀኪም፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘል። መካከል ላይ "ይህን አላልሁም፣ ቅደደው" ብዬ ብጮህብህ አትስማኝ፤ አንብበህ ጨርስና ገዳሪፍ ወስደህ በእጇ አድርስላት።