ሸህ ኸይሩ «እጠበው» ሲሉ

መካነ ሰላም
ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለአርዋ ኸይሩ
ኩዌት

አርዋዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የምታሳድጊያቸው መንትዮችስ ለመዱሽ ወይስ አሁንም ፀጉርሽን ይጎትታሉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ቢሆን ዳገት ሲያይ ነው የሚያመው። ውርጩ ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ደግነቱ ገብሱ ተሰብስቧል።

ደብዳቤን ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰነበተ። ስልኩ ይሠራል፣ ግን የአባትሽን ስም ባነሳሁ ቁጥር «እማ፣ አይሰማም፣ ይቆራረጣል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወላሂ ስለ ጉልበቴ ሳወራ አንድም ቀን ተቆራርጦ አያውቅም! ደብዳቤ ግን አይቆራረጥም። የደጎሎዋ አልታዬ ከእረፍቷ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ፤ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው። ይኸው ተናገርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱና አንቺ ሳትነጋገሩ እኔ መካከል ቆሜ «ሰላም ብላሃለች»፣ «ሰላም ብሎሻል» ማለት መሮኛል። ደግሞ አርጅቷል፣ ግራ ዐይኑን ሞራ ጀምሮታል። እንድትደውዪለት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን በዚህ ክረምት ያየሁትን ስሚኝ።

ያን የላክሽልኝን ስልክ እንደሆነ አባትሽ ወርሶብኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ፈውዚያ ፌስቡክ ከፈተችለት፤ ከዚያም «የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት ወዳጆች» የሚባል ቡድን ውስጥ አስገባችው። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ሹፌሩም፣ ሐኪሙም፣ ተማሪውም በሸምበቆ ብዕር ይጽፉና ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። እንጀራቸው አይደለም፣ ፍቅራቸው ነው እንጂ። አንዱ ሲለጥፍ ሌላው «ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ!» እያለ አበባና ልብ ያዘንብበታል። አባትሽ ደግሞ መነጽሩን ያደርግና ከአበባው ሥር አንዲት ቃል ያስቀምጣል። «እጠበው።» ሴት ከሆነች «እጠቢው።» በቃ፣ ሌላ የለም።

አንቺ ይቺን ቃል ከእኔ ይልቅ ታውቂያታለሽ። ቁርኣን የሚያስቀራቸው ደረሶች የእንጨት ሎሑ ላይ የጻፉትን ይዘው ሲቀርቡ፣ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ ያያል፣ ከዚያ «እጠበው» ይላል። አጥበው፣ ውሃውን ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ የጽዱ ዛፍ ሥር ደፍተው፣ እንደገና ይጽፋሉ። ተስፋ የቆረጠበትን ደረሳ ግን ገርፎ አያውቅም፤ «ጥሩ ነው፣ ሂድ» ይለዋል። «ጥሩ ነው» ተብሎ አጥሩን ተደግፎ የሚያለቅስ ስንቱን አይቻለሁ! ይህን ግን የፌስቡክ ሰው ከየት ይወቀው?

ሐምሌ ላይ ጠልሐ የሚባል የአቀስታ አስተማሪ፣ እዚያ ለሚሠራው አዲስ መስጊድ በር የሚቀረጸውን ጽሑፍ ለጠፈ። እኔም አየሁት፤ ጌጡ፣ መጠማዘዙ፣ ወርቃማው ቀለም፣ አቤት ሲያምር! ሰው ሁሉ አበደለት። አባትሽ ጧቱን ሙሉ ሲያየው ቆይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እጠበው።»

ኧረ ተይኝ! ያን ቀን የወረደበት ውርጅብኝ! «ቅናት ነው» አለ አንዱ። «ባለጌ ሽማግሌ» አለ ሌላው። የቡድኑ ኃላፊ አብዱልጀሊል የሚባለው ደግሞ «አንድ ጊዜ ቢደግሙት አስወጣዎታለሁ» ብሎ ጻፈ። ከሁሉ ግን የቆጨኝ ሁዜይፋ የሚሉት ነው። «ውድ አባታችን፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ለእርስዎ እንኳ ስልኩ ሰዓት ለማየት ይበቃ ነበር» ብሎ፣ ከአጠገቡ የምትስቅ ፊት አስቀመጠ። እንዲህ በዱዓ ተጠቅልሎ የመጣ ብልግና አይቼ አላውቅም! አባትሽ አነበበው፣ አንዴ ጢሙን አሻሸና «ሰዓትም አይበታለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰለት። የምሩን ነው ደግሞ።

ወሬው ከተማ ገባ። ቦጋለች አጥር ላይ ተንጠልጥላ «ፈይዛ፣ ሸህ ኸይሩ በኢንተርኔት ሰው ይሳደባሉ አሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» ስትለኝ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ገብቼ ጮህኩበት።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሰው ማሻአላህ ብትል ምን አለበት? ምላስህን ይቆርጡብሃል?»

«ማሻአላህማ አራት መቶ ሰው ብሎታል» አለኝ። «እኔ ቁጭ ብዬ አየሁለት።»

«አይተህስ? ምን አየህ?»

«ልጁ እጅ አለው፣ ፈይዛ። እጅ ባይኖረው ዝም እለው ነበር።»

ንዴቴ እዚያው ላይ ወደ ሰዳቢዎቹ ዞረ። ይህን ለልጁ ሳይሆን ለእኔ ይናገረዋል! ለሰላት ሲወጣ ስልኩን አነሳሁና እኔው ጻፍኩላቸው። እንዲህ ብዬ፦ «እኔ የሸህ ኸይሩ ሚስት ፈይዛ ነኝ። እናንተ ልጆች፣ የማን ልጆች እንደሆናችሁ ባላውቅም፣ እናንተም እናት አላችሁ። በእኛ ቤት እጠበው ማለት ስድብ አይደለም። ሎሕ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፍበታል። ዝም ያለህ ሰው ነው የናቀህ። ሁዜይፋ የምትባለው ግን አንተ ብታፍር ይሻልሃል።» ፈውዚያ አይታው ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ለካ እንዲህ ባለ ቦታ «የማን ልጅ ነህ» ተብሎ አይጠየቅም።

ከዚያ ጠልሐ ራሱ ጻፈ። «እሺ ሸኻችን፣ ምኑ ነው የሚታጠበው?»

አባትሽ ከዙህር ሰላት እስከ ዐስር ሰላት በአንድ ጣት ሲጽፍ ዋለ። «እጅህ የተባረከ ነው። ግን ፊደሎቹን አጨናንቀሃቸዋል። በሩ ላይ የሚጻፈው ለሚገባው ሰው ነው፤ ሚስቴን አሳይቻት ነበር፣ አምሯል አለች እንጂ ማንበብ አልቻለችም። ጌጡን ቀንስና እጠበው» አለው። ማንበብ አልቻለችም ብሎ በአገር ፊት ማጋለጡ ነው እንግዲህ! ግን እውነቱን ነው፤ ወርቁን ሳይ ጽሑፉን አላየሁም ነበር።

ልጅየው በዚያ ዝናብ ከአቀስታ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ አዲሱን ጽሑፍ በፌስታል ጠቅልሎ በራችን ላይ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ። አባትሽ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሎሕ በጣቱ ተከተለው። በስተመጨረሻ «ይቀረጽ» አለው። ጠልሐ ዘለለ ማለት ይቀላል። ማታውን ቡድኑ ውስጥ «አራት መቶ ሰው አድንቆኛል፤ ፊደል በፊደል ያየልኝ ግን እኚህ ሰው ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላማ ተይው፣ «ሸኻችን፣ የእኔስ ይታጠባል ወይ?» እያሉ ተሰለፉ፤ አብዱልጀሊልም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ሆነ። ሁዜይፋ ብቻ ጠፋ።

አርዋዬ፣ እኔ ከዚህ ሰው ጋር ፀጉሬ እስኪሸብት ኖሬያለሁ፤ ይህን ክረምት ግን እንደ አዲስ ኮራሁበት። ያ ሁሉ ሰው ሲሰድበው እሱ ጽሑፉን እንጂ ጸሐፊውን አንድም ጊዜ አልነካም። ሰነፍ፣ ደደብ፣ አትችልም የሚል ቃል ከእጁ አልወጣም። የማይችል መስሎት ከሆነ ዝም ይላል፣ ጊዜውን የሚሰጠው ለሚችል ነው። እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ስነጫነጭ መኖሬ ይገርመኛል። መነጫነጤን ግን አልተውም፣ እሱም ለምዶታል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እዚያ ቡድን ውስጥ «ቀለም ናፋቂ» የምትባል አንዲት ልጅ አለች። ስሟም ፎቶዋም የለም። ዐርብ ዐርብ ትለጥፋለች። ሌላው ሰው አንዲት ቃል ሲደርሰው፣ እሷን ግን አባትሽ የአንድ ገጽ ያህል ይጽፍላታል፤ ብዕሩን እንዴት እንደምትቆርጥ፣ ቀለሙ ሲወፍር ምን እንደምታደርግ፣ ሁሉን። መጀመሪያ የለጠፈችውን ያየ ዕለት ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋውና «የዚች ልጅ ኑን ፊደል ሆዱ እንደ አርዋ ኑን ይሰፋል» አለኝ። ከዚያ ሰውነቱ ልውጥ አለ፣ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዐርብ ሲሆን ግን ስልኩን ለእኔ አያስነካኝም።

አላወቀኝም ብለሽ ከሆነ ተሞኝተሻል፣ ልጄ። ፊደል በእጅሽ ያስያዘሽ እሱ አይደል?

የዚያን ቀን ነገር አልረሳሁትም። ለአጎትሽ ልጅ ሰርግ ስንት ጊዜ ደክመሽበት የጻፍሽውን ሰሌዳ ደስ ብሎሽ በእንግዳ ፊት ስታነሺው፣ «እጠቢው» አለሽ። የሙሽሪት ወገኖች ሳቁ። አንቺ ሰሌዳውን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ በጓሮ በር ወጣሽ፤ በወሩ ፓስፖርት አወጣሽ። ቃሏ ብቻዋን ብትሆንማ ለምደሻታል፤ የገደለሽ የሰዉ ሳቅ ነው። እኔም ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩበት።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አጠገቤ ነበር። «ለአርዋ ነው፣ የምትላት አለ?» አልኩት፤ እንደ ወትሮው «ሰላም በያት» ይለኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

«ያቺ ቀለም ናፋቂ የምትባለው ልጅ» አለ፣ ሳያየኝ፣ «ኢንተርኔቱ የተዘጋው መልሷን ሳልልክላት ነው። ኑኑ አሁንም ሆዱ ሰፍቷል በያት። ሌላው ግን ቀንቷታል፤ ከደረሶቼ ውስጥ እንዲህ የጻፈልኝ የለም። እጠቢው በያት።»

ጻፍኩ። እጄን ሳላነሳ «ሌላስ?» አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«በሰርጉ ቀን የተናገርኩት» አለ፤ «ስለ ጽሑፉ ያልኩት ልክ ነው። ሰው ፊት ማለቴ ግን ብልግና ነው። ባለጌ ነበርኩ በያት።» ተነሥቶ ለመውጣት በሩን ከፈተ። «እሱ ይታጠብ።»

ይኸው፣ እንዳለው አድርጌ ጻፍኩልሽ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አሁን ጽዱ ሥር ተቀምጦ፣ የሚያየው ነገር ሳይኖር ስልኩን በእጁ ይዞ ነው ያለው።

አላህ ከክፉ ሰው ዐይን ይጠብቅሽ። የሰው ቤት አይክበድሽ፣ የሄድሽበት ተሳክቶልሽ በሰላም ለደጃችን ያብቃሽ። አሚን በዪ። ስትደውዪ በእኔ ቁጥር አትደውዪ፤ በእሱ ደውዪ። «አይሰማም» ብለሽም እንዳትዘጊ፣ ይሰማል።

እናትሽ
ፈይዛ