ከስድስቱ ጥናቶች ስለ ወጣው የወይዘሮ ደመቀች ማሳ

ለተከበሩ የቆላ እህል ጥናቶች ማጠቃለያ ክፍል ኃላፊ
ቆቦ፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎና የቢሮዎ ማራገቢያ እንደምን ሰንብተዋል? በዚህ የግንቦት ሙቀት ሁለቱም እንዳይለዩዎት ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አዋሕዶ አንድ መልስ የሚሰጠውን ሶፍትዌር በሦስት ቀን ሥልጠና አስተምረውኛል። ስድስት ጥናቶች አስገባሁበት፤ አምስቱ በምርምር ጣቢያ የተሠሩ ሲሆኑ ቶሎ የሚደርሰውን ነጭ ማሽላ አሞገሱት። ስድስተኛው፣ ጎብዬ ላይ በገበሬዋ በወይዘሮ ደመቀች ማሳ የተሞከረው ግን ሰብሉን ግሪሳ ወፍ እንደ ጨረሰው ተናገረ። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. ሶፍትዌሩ ለወይዘሮዋ ማሳ የሰጠው ክብደት ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነው። አልፈርድበትም፤ በጣቢያዎቹ ማሳ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ የሚውሉትን ቅጥር ወፍ ጠባቂዎች ማንም አልመዘገበለትም።

2. ያቺው አራት እጅ የስድስቱን ድምር ውጤት የሚያሳየውን ሥዕል ስላበላሸችብዎ፣ ሌሎቹን የማይመስለውን ጥናት እንዳወጣ በትሕትና አዘዙኝ። አወጣሁት። ሥዕሉም አማረ፤ ውጤቱ በቀረበበት አዳራሽ ጭብጨባ የእኔም እጅ ነበረበት።

3. የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ፣ ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ወይዘሮ ደመቀች በዓመቱ ወደ ለመዱት ማሽላ ሊመለሱ ሲሉ ያንን ሥዕል አትሜ ቤታቸው ድረስ ሄድኩና፣ የእርስዎ ጉዳት አጋጣሚ ነው፣ ጥናቶቹ ሁሉ ተስማምተዋል አልኳቸው። እርሳቸውም «የተማረ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ አይዋሸኝም» ብለው ነጩን ማሽላ ማሳቸውን ሙሉ ዘሩት። ማሽላው ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ስለ ደረሰ ግሪሳው ሌላ የሚበላው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የቀረው አገዳ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ባገኙኝ ቁጥር የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ። አሁን በበራቸው ማለፍ ትቼ ዞሬ ነው የምሄደው።

ስለዚህ የዘንድሮው ዘር መሬት ሳይነካ ስድስተኛው ጥናት ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ወፍ ጠባቂዎቹም እንዲመዘገቡ፣ ያወጣው ሰው ስም ከሥር እንዲሰፍር በትሕትና እለምናለሁ።

ባስተማሩኝ ሙያ የተመሰገንኩ፣ በሠራሁበት የማፍር፣ ታዛዥነቴ የሚቆጨኝ፣
ታረቀኝ ይሁኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወይዘሮ ደመቀችን ማሳ ልሰርዝ ስል ሶፍትዌሩ እርግጠኛ መሆኔን ጠይቆኝ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አዎ አልኩት።