የአረንጓዴዋ መኪና ትንፋሽ

ለታላቅ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ የትናየትስ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቶልን ሰቆጣ ዙሪያውን ለምልሟል፣ ገብሱም ተስፋ ይሰጣል። አባባ ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ንዴቴን ካልቆጠርከው ደህና ነኝ። ምክንያቱን በስልክ ያልነገርኩህ ገና ስጀምር እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ነው። ደብዳቤ ግን ብትናደድም እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትቀደውም፤ አውቅሃለሁ።

የአጎታችን ልጅ ወንዳወቅ ከአዲስ አበባ ተመልሶ በነገረኝ ልጀምር። እዚያ ሰርግ ቤት ተቀምጠህ የራስህን ሰርግ አወራህ አሉ። አባቴ የሞተሩን ፋሻ ገልብጦ ገጥሞት ሙሽራዬ ዳገት ላይ ቀረች፣ በበቅሎ አስገባኋት ብለህ ሰዉን በሳቅ ገደልከው። ወንዳወቅም የነገረኝ እየሳቀ ነው፤ ፊቴን ሲያይ ነው የተወው። አንተ ሰው፣ ሌላ የሚያስቅ ነገር አጥተህ ነው በአባትህ የምታስቀው?

አንተ ሙሽራህን ይዘህ ሄድክ፣ ከቀልዱ ጋር የቀረነው እኛ ነን። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚያቅፍ ቀጭን ቀለበት ነው፤ ላይና ታቹን አገላብጦ መግጠም መፍቻ መያዝ የጀመረ ልጅ ስህተት ነው። ይኼ ስም የወጣላቸው ደግሞ ከአበርገሌ ቆላ ድረስ መኪና እየተጎተተ ይመጣላቸው የነበሩት አባባ ናቸው። ገበያ ሲወጡ “ጋሽ ትእዛዙ፣ ዛሬስ በየት በኩል ገጠሙት?” የሚላቸው አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን መፍቻዎቻቸውን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ከተው እጄ ከድቶኛል አሉኝና ጋራዡን ለእኔ ተዉት። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ ልጅቷን አነጋግሯት ይላሉ።

ዘንድሮ ያቺን የሰርግህን አረንጓዴ መኪና ላስነሳት ቆረጥኩ። አባባ ወጣት ሳሉ ደሴ ጋራዥ ሲሠሩ ባለቤቷ ጥሏት ሄዶ እሳቸው ጋ የቀረች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የእሽቅድምድም መኪና እንደነበረች ታውቃለህ። እንደ ልጅ ነበር የሚያዩዋት። በጦርነቱ ጊዜ ከገለባ ሥር ቀብረናት ነው የተረፈችው። ባያዩዋት እንኳ ድምፅዋን ይስሙ ብዬ ነው የተነሳሁት። አባባ ግን ሞተሩን ልፈታ መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ተይው ልጄ፣ ያለቀ ነገር አትነካኪ አሉኝ። ደጋግመው አሉኝ። ሐፍረታቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ስፈታው ምን አገኘሁ መሰለህ? ፋሻዎቹ በሙሉ በትክክል ነው የተገጠሙት። ላይኛው ገጽ ላይ ያለው ምልክት አንድም ሳይቀር ወደ ላይ ነው የሚያየው። ሞተሩ ደርቆ የቆመው ዘይት አልቆበት ነው። ሮጬ ነገርኳቸው። እሰይ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ የሆነ ነገር አጉተምትመው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

እንግዲህ ዘይቱን ምን ጨረሰው? አዲስ ፋሻ ገጠምኩ፣ በየመጋጠሚያው ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጓርኒሲዮን ለወጥኩ፣ አስነሳኋት። ተነሳች። ትንሽ ቆይቶ ግን ከፊትም ከኋላም፣ ከክዳኑም ሥር ዘይት መትፋት ጀመረች። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተፈናጥሮ ወጣ። እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ፤ ያው ነው። ዕቃ ሻጩን ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ። አባባ በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። በድምፅ ብቻ በሽታ የሚያውቁ ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይኼ ያኔም አናዶኛል፣ አሁንም ያናድደኛል።

አንድ ቀን ዘይት ጨምሬ የመሙያውን ክዳን ሳልመልስ አስነሳኋት። ፍሳሹ ቆመ። ክዳኑን ስዘጋው ጀመረ፣ ስከፍተው ቆመ። ያኔ ገባኝ። ከፒስተኑ እያመለጠ ወደ ታች የሚወርደው ጭስ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ከሞተሩ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። እሱ ከተዘጋ ጭሱ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው ቀዳዳ ያወጣዋል። ያ ጎማ በገበያ ስለማይገኝ የድሮውን ራሱን ነበር የመለስኩት። ፈትቼ በአፌ ነፋሁት። አያልፍም። በሽቦ ስጎረጉረው በጧፍ ሰም የታሸገ፣ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ ወጣ።

አሁን የሰርግህን ዋዜማ አስታውስ። የዘይቱ ሽታ የትናየትን ያሳምማታል፣ ጎማው ይዘጋልኝ ብለህ አባባን ስትለምን እዚያው ነበርኩ። የሞተር ትንፋሽ ነው፣ አይዘጋም፣ ጣሪያውን ክፈትላት አሉህ። አኮረፍክ። በማግስቱ ማለዳ ማንም አይርዳኝ ብለህ መኪናዋን ብቻህን አስጌጥክ። ያን ሰሞን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የእናታችን ነጠላ ጠርዙ ተቀዶ አግኝቼ ስጠይቅህ አይጥ ነው አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። ያን ጨርቅ በቤንዚን ሳጥበው ቀይ ጥለት ብቅ አለ። የእማማ ነጠላ ነው።

ከደሃና ሙሽራህን ይዘህ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። እኛ አጃቢዎቹ ከኋላ በጭነት መኪና ደረስን። አባባ ወርደው ሞተሩ ላይ ለብዙ ጊዜ አጎነበሱ፣ ከዚያ ቀና ብለው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። በአማቶችህ ፊት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ፋሻውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። አንተ መሪውን ይዘህ ተቀምጠህ ሰማህ። ዝም አልክ። በሰርግህ ቀን መዋረድ ፈርተህ ነው እንበል፤ ዝምታህንስ እሺ። ግን እንዴት አንጀትህ ችሎ ቀልድ አደረግኸው?

ጨርቁን ይዤ ወደ አባባ ሄድኩ። ጎማው ውስጥ ጨርቅ ተወትፎ አገኘሁ፣ ዛሬውኑ ገበያ መሃል ቆሜ አወራዋለሁ አልኳቸው። የማን ጨርቅ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። በጣቶቻቸው እያሻሹ ቆዩና ለማንም አታውሪ፣ ለእሱም እንዳትጽፊለት አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ ቀዩ ጥለቱ ለቀቀ ወይስ አሁንም አለ?

ዓይናቸው ከጠፋ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው፤ ጥለቱን ያዩት ያኔ ዳገቱ ላይ ነው። አለ፣ አልለቀቀም አልኳቸው። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እንዳትጽፊ ያሉኝን ተላልፌ ጽፌልሃለሁ። መኪናዋ አሁን ጠብታ ዘይት አታፈስም። ለጥምቀት ና። መሪውን አንተ ትይዛለህ፣ አባባ አጠገብህ ይቀመጣሉ፣ በደሃና መንገድ እስከዚያ ዳገት ድረስ ትወስዳቸዋለህ። እዚያ ስትደርስ ሞተሩን አጥፋና አነጋግራቸው። የምትይዘው ሁለት ሰው ስለሆነ እኔ ቤት እጠብቃችኋለሁ።

የትናየትን ሳምልኝ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሲያድጉም በአንተ የሚስቁ አያድርጋቸው። መንገዱን ያቅናልህ፣ አባባንም በሕይወት ያቆይልህ።

የተቀየመችህ፣ ግን የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ