የእህትሽ እርሾ

ለእህቴ፣ ለባለቤቴ ታናሽ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደረጃውን ሳልደገፍ እወርዳለሁ፣ ወተቴን ራሴ አፈላለሁ፣ በሬንም ራሴ እቆልፋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጄን «ጻፊልኝ» ብላት እምቢ አትለኝም፣ ግን እሷ ማየት የሌለባት ነገር አለበት። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ። የለሰንኩት ግድግዳ ተንጋዶ አያውቅም።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሰዉ «እንዴት ያለ ጠንካራ ነው፣ ሚስቱን ቀብሮ እንባ እንኳ አልወጣውም» ይላል አሉ። ጥንካሬ አይደለም። ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ የኔ መሆኑን አያለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህትሽ እርጎ ስታረጋ፣ ማንም ሳይቀምስ አንድ ማንኪያ ለነገው ታስቀር እንደነበር ታውቂያለሽ። ያቺ እርሾ ከእናታችሁ ቤት የመጣች ናት። በሐዘኑ ሰሞን ልጄ ቤቱን ላጽዳልህ ብላ የእርሾውን ማሰሮ አገኘችው። የተበላሸ ወተት መሰላት። በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈግፍጋ፣ አብለጭልጫ መደርደሪያ ላይ ደፋችው። «አባዬ፣ ወጥ ቤቱን አየኸው?» አለችኝ። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። እናቷን በቀበረች ሳምንት ሌላ ምን ልበላት? እስከ ዛሬ አታውቅም። ካንቺም እንዳትሰማ።

ከዚያ እርጎ መተዌን አየችና ከትልቁ ሱቅ ታመጣልኝ ጀመር። የየአገሩ አለ፣ አታምኚኝም። የግሪክ የሚሉት ማንኪያ ብተክልበት ቆሞ ቀረ። «ይኼ የሚበላ ነው የሚለሰን?» ብላት ሳቀች። የአይስላንድ የሚሉት ደግሞ የለየለት ጀሶ ነው፣ ጣራ ይይዛል። እንጆሪ የገባበት የሚጠጣም አለ፤ ለሕፃን ሳል የሚሰጡት ሽሮፕ ነው የሚመስለው። «አንተ መቼም ምንም አይጥምህ» ትለኛለች። እሷ ስትሄድ ግን ከየዓይነቱ አንዳንድ ማንኪያ እያስቀረሁ ለብ ያለ ወተት ላይ ጣልኩ። እያንዳንዱን ድስት እንደ እህትሽ በፎጣ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አሳደርኩ። አንዱ ተዝለገለገ፣ የአንዱ ውሃው ለብቻው ወጣ። የእንጆሪው ሮዝ ሆኖ ገማ።

የቡልጋሪያው ግን ረጋ። ልጄ መጥታ ቀመሰችና ማንኪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች። «አባዬ! የእማዬ ነው እኮ! ቁርጥ የእማዬ!» ብላ አለቀሰች። «አዎ» አልኳት።

አልነበረም። ቅርብ ነበር፣ ግን አልነበረም። እሱን እየበላሁ ከረምኩ፤ አሁን የእህትሽ እርጎ እንዴት ያለ እንደነበረ ሳስብ ከምላሴ ላይ እየጠፋብኝ ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

አንቺ ስታገቢ እህትሽ ከዚያችው እርሾ በጣሳ ይዛልሽ ሄዳ ነበር። አለች? ወይስ ያንቺንም ልጆችሽ አጠቡልሽ?

ከቀብሩ ወዲህ እንደማንነጋገር አልረሳሁም። አንቺ ከወላጆቿ ጎን ትቀበር አልሽ፣ እኔ ነገ ከማርፍበት ከኔ ጎን አልኩ። ዛሬም ከኔ ጎን ነው የምለው፤ በዚያ ይቅርታ አልጠይቅም። እርሾዋ ግን የማናችንም ወገን አይደለችም። በሰው እጅ አትላኪብኝ፣ መንገድ ላይ ትሞታለች። ራሴ እመጣለሁ። «አለች» ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ፣ ከዚያ በላይ ቃል አታባክኚ። ከሌለችም ጻፊ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ከቤትሽ ወተት አይጥፋ። ልጆችሽ ይጡሩሽ፣ ግን አይዘዙሽ።

ስመጣ ዕዳዬን ልከፍል ነው፤ ልጄ ትክፈልልኝ የምለው አንድም የለም። እህትሽ ካንቺ የተዋሰችው ትልቁ ድስት እኔ ዘንድ ነው፣ ባዶውን አልመልሰውም። የወጥ ቤትሽን ግድግዳ እለስንልሻለሁ ብዬ ነበር፤ አሸዋውን አስመጪ እንጂ ሰው እንዳትቀጥሪ። ደግሞ በለቅሶው ቀን ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ ከቤቴ ስለወጣሽ ምሳሽ አለብኝ። እሱንም እኔው አብስዬ አቀርብልሻለሁ፤ ጨው ቢበዛውም ትበያለሽ።

የእህትሽ ባል