የሚያስተምሩትን የተፈተኑት መምህርት፦ የእኅታችን የሕይወት ታሪክ

ሰው ዕድሜ ልኩን ያስተማረውን ትምህርት "እንደ ተማሪ ተቀመጥና ተፈተን" ሲሉት እሺ የሚለው ለምንድን ነው? ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲያዘጋጅ ቤተሰቡ አደራ የጣለበት የእኅታችን ታናሽ ወንድም ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። በሕይወት ሳሉ ደጋግሞ ጠይቋቸዋል። አንድ ቀን ይስቁበታል፣ ሌላ ቀን ይቆጡታል። መልሱ ከዚህ በታች በሚነበበው ውስጥ ካለ፣ ከሰሚዎች አንዱ ያገኘው ይሆናል።

እኅታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅዋ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው፣ ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። እናታቸው የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ውለው የራሳቸውን ለመውለድ በሩጫ ቤት እንደደረሱ በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል። እኅታችን ቁጥር የለዩት በአባታቸው ሜትር ላይ ነው። ደንበኛ ሲለካ ቁጥሩን የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ወገበ ሰፊ ሰው ሲመጣ አባታቸው፣ "ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ሰውየው ይሰማል" ይሏቸው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ ቁጥሩን አይቀንሱም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በከፍተኛ ማዕረግ እንዳገኙ የተማሩበት ክፍል ረዳት መምህርት አድርጎ አስቀራቸው። ከዚያ በኋላ ከዚያ ሕንፃ አልወጡም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይዘጋው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ተማሪ ከቀጭኗ የመስታወት ቱቦ ፈሳሽ እያንጠባጠበ ቀለሙ እስኪለወጥ ሲጠብቅ አጠገቡ ይቆማሉ። ቸኩሎ ካፈሰሰ፣ "ጠብታ አልኩህ እንጂ ሻወር ክፈት መች አልኩህ?" ይሉታል። በዚህ የተነሣ ተማሪዎቹ "እትዬ ጠብታ" ብለው ስም አወጡላቸው። ስሙን ያውቁ ነበር፤ አልጠሉትም።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው በሙያቸው ቀያሽ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ "እኔ መሬት እለካለሁ፣ እሷ ውኃ ትለካለች፤ በዚህ ቤት ያልተለካው የልጆቹ ጩኸት ብቻ ነው" እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ጨርሰው፣ ልጃቸው ጡት በጣለች ዓመት፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ ተመዘገቡ። መንገዱ ሲነገር አጭር ነው፦ ኮርሶቹን መውሰድ፣ አጠቃላይ ፈተናውን በጽሑፍና በቃል ማለፍ፣ ምርምር ሠርቶ ማሳተም፣ በመጨረሻም ሥራውን በገምጋሚዎች ፊት ቆሞ መከላከል። ኮርሶቹን እንደ ውኃ ጠጧቸው። ለአጠቃላይ ፈተናው ሲዘጋጁ ግን አማካሪያቸው ለአጭር ጉባኤ ብለው ወደ ውጭ ሄዱ፤ አልተመለሱም። እኅታችን በእሳቸው ላይ ክፉ ተናግረው አያውቁም። ሰው ሲጠይቃቸው፣ "ጉባኤው ረዝሞባቸው ነው" ብቻ ይሉ ነበር።

ያለ አማካሪ ፈተና የለም። አማካሪ ለመሆን የሚጠየቁት ደግሞ ወይ ጊዜ የላቸውም፣ ወይ "ርእስሽን ቀይረሽ ነይ" ይላሉ። እኅታችን ርእሳቸውን አልቀየሩም። ርእሳቸው የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዝ የጉድጓድ ውኃ ነበር። እያስተማሩ፣ ልጆች እያሳደጉ፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ከየጉድጓዱ ውኃ እየቀዱ መረመሩ፤ ውጤቱንም በሙያው መጽሔቶች አሳተሙ። ፈተናው ሳይመጣ መመረቂያ ጽሑፉ አለቀ። ባለቤታቸው ይህን "ጣሪያው ያለቀ፣ መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት" ይሉት ነበር። በቀያሽ አፍ ሲነገር ቀልድ ነበር።

ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ጽሑፋቸውን አንብበው እሺ ያሉ አዲስ አማካሪ ተገኙ። ቤተሰቡ ተደሰተ። ሬጅስትራሩ ግን ኮርሶቹ ከተወሰዱ ብዙ ዓመት ስላለፋቸው አይያዙም አለ። እኅታችን ቤት ገብተው፣ "ሰማችሁ? እንደ ቆርቆሮ ቲማቲም ጊዜዬ አልፏል" አሉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የሌሎቹ ኮርሶች ነገር በውይይት አለቀ። አንዱን፣ የትንተና ኬሚስትሪን፣ የግድ እንደገና ወስደው መፈተን አለባቸው ተባለ። በክፍሉ ውስጥ ያንን ኮርስ የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እሳቸው ነበሩ።

ጉዳዩ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ሲነሣ አንድ ባልደረባቸው፣ "ራሳቸው ያስተምሩ፣ ራሳቸው ይማሩ፤ የቀሩ ቀን ግን ማን በማን ላይ ይመዘግባል?" ብለው ቤቱን አሳቁ። እኅታችንም አብረው ሳቁ። ቤታቸው ገብተው ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተጋደሙ። በዚያ ሰሞን ከውጭ ትምህርቱ የተመለሰው ወንድማቸው፣ "እትዬ፣ በቃ ተዪው፤ ምን ይጨምርልሻል?" ቢላቸው ቀና ሳይሉ፣ "አንተ የተማርክበት አገር ሰው ሲጠጋ በሩ በራሱ ይከፈታል። እዚህ መጎተት አለ" አሉት። እዚያም የማይከፈት በር እንዳለ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር። አልሰሙትም፤ ተኝተው ነበር።

ኮርሱን እንዲሰጥ የተመደበው የቀድሞ ተማሪያቸው የነበረ ወጣት መምህር ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ በልጃቸው እኩዮች መካከል ደብተር ዘርግተው ሲያያቸው ላብ ያጠምቀው እንደነበር ራሱ ይናገራል። አንድ ቀን ቤታቸው መጥቶ፣ "እትዬ፣ ምን ልጠይቅዎ? እርስዎን መፈተን ይከብደኛል" ቢላቸው እጁን ይዘው ወደ በሩ መለሱት። "ፈታኝ ተፈታኝ ቤት አይመጣም። ሂድ፣ እንደማንም አድርገህ ፈትነኝ!" ብለው ከደጅ ሸኙት።

እንዳሉትም አደረገ። ከመምህርቱ አብልጦ የሚያምነው ሰው ስላልነበረ፣ ፈተናውንም የእርማት መልሱንም ያወጣው ተማሪ ሳለ ከተሰጠው ከእሳቸው የድሮ ሃንድአውት ነው። በዚያ ሃንድአውት ውስጥ አንድ ስሌት ጎዶሎ ነበር። የሚለካው ናሙና አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ከቀጠነ፣ የተገኘው ቁጥር በቀጠነበት ልክ መልሶ መባዛት አለበት። እኅታችን ይህን የመጨረሻ እርምጃ በወጣትነታቸው ሳይጽፉት አልፈው፣ ከዓመታት በኋላ ደርሰውበት አርመውታል። ወጣቱ መምህር የተማረው ከመታረሙ በፊት ነው። በፈተናው ላይ ትልቁ ጥያቄ በዚያ ስሌት ላይ የቆመ ሆነ። እኅታችን ትክክለኛውን ጻፉ፤ በእርማቱ መልስ መሠረት ስሕተት ተባለ። ውጤታቸው ለሦስተኛ ዲግሪ ከሚፈቀደው በታች ወረደ።

ወረቀቱ ሲመለስላቸው ወዲያው ገባቸው። ወጣቱ መምህር ሲነገረው ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሮጠ። ውጤቱ ግን ጸድቆ ነበር። የጸደቀ ውጤት የሚቀየረው የኮርሱ ባለቤት ሲፈርም ነው፤ በመዝገብ የኮርሱ ባለቤት አሁንም እኅታችን ናቸው፤ ኃላፊውም፣ "በራስዎ ውጤት ላይ ራስዎ ሊፈርሙ አይችሉም፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሥልጣን የለውም" አሉ። ደንቡ እንዲህ ይላልና ዋሹ አይባልም። ቤተሰቡ ይግባኝ በሉ ብሎ ሲወተውታቸው እንዲህ አሉ፦ "ልጁ ምን አጠፋ? ያስተማርኩትን ነው የጠየቀኝ።" ከዚያ ወዲያ ስለ ራሳቸው ውጤት አላነሡም። የሚያነሡት ሌላ ነበር። ያንን ጎዶሎ ስሌት ይዘው የወጡ ተማሪዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ውኃ ይመረምራሉ። እኅታችን የሚያስታውሷቸውን እየፈለጉ ይደውሉላቸው ጀመር። አንዳንዱ፣ "ቲቸር፣ ኧረ እኔ አሁን የስልክ መለዋወጫ ነው የምሸጠው!" ብሎ ያስቃቸዋል። አንዳንዱ፣ "እኔ እስከ ዛሬ በዚያው ነው የምለካው" ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ድምፅ ለቀናት ከጆሯቸው አይጠፋም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ለኮርሱ እንደገና ተመዘገቡ። በዓመቱ አጋማሽ ልብሳቸው ይሰፋቸው ጀመር። አባታቸው ቢኖሩ ኖሮ ቀድመው ባወቁ ነበር። ሐኪሞች ሕመሙ ጉበታቸውን ይዞ ቆይቷል አሉ። ሕክምናው ተሞከረ፤ አልያዘም። ሆስፒታል ሲገቡ በከረጢታቸው የነበረው የሌሊት ልብስና ለፈተናው የሚያጠኑት መጽሐፍ ነው። ነርሷ፣ "እማማ፣ አሁን ደግሞ መጽሐፍ ምን ያደርግልዎታል?" ስትላቸው፣ "ፈተና አለብኝ፣ ልጄ" አሏት። የሚቀልዱባት መስሏት ሳቀች።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ታናሽ ወንድማቸውን ትተዋል። እያነባ በዚህ ቦታ ቆሞ ያለው ወጣት መምህርም ከልጆቻቸው እንዲቆጠር ቤተሰቡ ይፈልጋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከድካማቸው ሁሉ ያሳርፍልን። የምናጽናናበት ቃል ያጣንላቸውን ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን እሱ ያጽናናልን።

ከማረፋቸው በፊት ባለው ሳምንት ለክፍላቸው ኃላፊ በስልክ ያስላኩት መልእክት አብሮ እንዲነበብ ቤተሰቡ ወስኗል። እሳቸው እየተናገሩ ወንድማቸው የጻፈው ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። የኮርሱ ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ነው። እጄ መጻፍ አልቻለም፣ አፌ ግን ይናገራል። ፈተናውን በቃል ስጡኝ። የሚፈትነኝ ሰው አልጋዬ ድረስ ይምጣ፤ ወንበር አለ። የሚቻል ከሆነ ቀኑን፣ የማይቻል ከሆነም አይቻልም ብላችሁ አሳውቁኝ። እጠብቃለሁ።"

መልእክቱ በዚያው ቀን መነበቡን ስልኩ አሳይቷል። መጨረሻቸው ድረስ፣ "መጣ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከገባበት ሰዓት ድረስ መልስ አልመጣም።